ካርዱ አልሞተም፤ የጎደለው አንድ ፋይል ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቴሌቪዥን የምከታተለውም ሆነ ዝግጅቶችን የምቀዳው በኮምፒውተር ነው። በአሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ለዓመታት ያገለገለኝን ቴቪ ኤስ470 የተባለ የዲሽ መቀበያ ካርድ በቅርቡ ወደ ተገጣጠመልኝ አዲስ ኮምፒውተር አዛወርኩት። የአዲሱ ፕሮሰሰር የኤኤምዲ ራይዘን ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሊኑክስ ተጭኖበታል። ካፌይን የተባለው ፕሮግራም ካርዱን ያየዋል፤ ቻናል ፈልግ ስለው ግን ሲግናሉ ዜሮ ላይ ይቀራል፤ አንድም ቻናል አያመጣም። ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ (ኤልኤንቢ) አስቀየርኩ፣ ኡቡንቱን ደጋግሜ ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። በዚያው ዲሽ ሪሲቨሩ ኢትዮሳትን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ኮምፒውተሩን የገጣጠመልኝ ልጅ ካርዱ ሞቷል ይላል። ልጣለው ወይ? ከከርነሉ (ከሊኑክስ ዋና ክፍል) መዝገብ ያገኘሁትን መስመር አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ጋሼ፣ ካርዱን አይጣሉት። ያያያዙት መስመር መጨረሻው ላይ «ኤረር -2» ይላል። በሊኑክስ ከርነል ዘንድ ይህ ቁጥር «የጠየቅሁት ፋይል የለም» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከርነሉ «ዲቪቢ-ኤፍኢ-ዲኤስ3000» የሚባል፣ ቅጥያው «ኤፍደብሊው» የሆነ ፋይል ፈለገ፣ አጣ፣ ማጣቱን መዘገበ። ይህን መስመር ያነበበ ባለሙያ ካርዱ ሞቷል ብሎ ሊፈርድ አይገባም ነበር። መዝገቡን ሳያዩ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ» ማለት በየኮምፒውተር ቤቱ የተለመደ ሆኗል፤ በዚህም የተነሣ ስንት ጤነኛ ዕቃ በየጓዳው አቧራ እንደሚጠጣ ሳስብ እበሳጫለሁ። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በሌላ ሰው ቃል ተማምኖ ነው፤ ቃሉን የሚሰጠው ሰው ቢያንስ አንድ ገጽ ማንበብ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርድዎ ላይ ሥራ የተከፋፈሉ ሦስት ቺፖች አሉ። ሲኤክስ23885 የሚባለው ከማዘርቦርዱ ጋር ይነጋገራል፤ የተቀበለውን መረጃ ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ ያስተላልፋል። ቲኤስ2020 የተፈለገውን ፍሪኩዌንሲ ይመርጣል። ዲኤስ3000 ደግሞ ያንን ሞገድ ፈትቶ ወደ ዲጂታል መረጃ ይለውጠዋል። ይህ ሦስተኛው ቺፕ የሚሠራበትን ፕሮግራም በውስጡ አይዝም፤ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ይረሳዋል፤ ሥራ ሲጀምር ከኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ እንደገና መቀበል አለበት። ፈርምዌር የምንለው ይህንን ፕሮግራም ነው፤ የጠፋውም ፋይል እሱ ነው።

ሰውን የሚያሳስተው ይህ ነው፦ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው ቺፕ ፈርምዌሩን ሳይጠብቅ ሥራውን ስለሚጀምር ካርዱ በዝርዝር ውስጥ ይታያል፣ ካፌይንም ያገኘዋል። ሞገዱን የሚፈታው ቺፕ ግን ባዶ ነው፤ ስለዚህ ሲግናሉ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ሲግናል ያየ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዲሹን ነው፤ ኤልኤንቢ ያስቀይራል፣ ጣሪያ ላይ ሰው ያስወጣል። እርስዎም ያወጡት ወጪ የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ ይህ ካርድ ፈርምዌሩን የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አይደለም፤ አንድ ፕሮግራም ካርዱን ከፍቶ መፈለግ ሲጀምር ነው። ኮምፒውተሩ እንደተነሣ መዝገቡን የሚያይ ሰው ምንም ስህተት አያገኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ካፌይንን ከፍተው ፍለጋ ያስጀምሩ፤ ወዲያው በተርሚናል «ሱዶ ዲሜሴጅ» (sudo dmesg) ብለው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ።

ኡቡንቱን ደጋግሞ መጫን በዚህ ጉዳይ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ፋይሉ ከኡቡንቱ ጋር ካልመጣ አሥር ጊዜ ቢጭኑትም አይመጣም። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረው፣ ያኔ ካርዱን ያስገባልዎት ሰው ፋይሉን በእጁ አስቀምጦት ስለነበረ ነው ብዬ እገምታለሁ። ይህ ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፤ ፈርምዌሩን ከየትም መፈለግ ላያስፈልግዎ ይችላል። የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ አውጥተው በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ አዲሱ ይሰኩት፤ «ሊብ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ፈርምዌር» የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ስሙን ይፈልጉ። ሲያገኙት በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ወዳለው ተመሳሳይ ፎልደር ይቅዱት። ለመቅዳት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚያስፈልግ በተርሚናል «ሱዶ ሲፒ» ይጠቀሙ። የፋይሉ ስም በፊደልም በሰረዝም አንድ መሆን አለበት፤ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ያያል። ከኢንተርኔት ሲወርድ በስሙ መጨረሻ ላይ «(1)» የሚል የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ ያ ካለ ከርነሉ አያውቀውም።

አሮጌው ዲስክ ከሌለ፣ ሊብሬኤሌክ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለቴሌቪዥን ካርዶች የሚሆኑ ፈርምዌሮችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያቀርባል፤ እዚያ ይፈልጉት። ስሙ ከማይታወቅ የማውረጃ ገጽ አይውሰዱ።

ፋይሉን ካስቀመጡ በኋላ ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሣት ብቻ አይበቃም። ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ ይዝጉ፣ ጥቂት ቆይተው ያብሩት። በዳግም ማስነሣት ጊዜ ለካርዱ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ላይቋረጥ ይችላል፤ ቺፑ ከነበረበት የተምታታ ሁኔታ የሚወጣው ሲቋረጥበት ነው። ከዚያ ፍለጋ አስጀምረው መዝገቡን ይዩ። «ኤረር -2» ከጠፋ የመጀመሪያው ችግር ተፈቷል።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ፤ ፈርምዌሩ ከተገኘ በኋላም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። ካፌይን ቻናል የሚፈልገው በውስጡ ከያዘው የሳተላይቶች ዝርዝር ተነሥቶ ነው። ያ ዝርዝር የቆየ ከሆነ በ57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ያሉትን የኛን ቻናሎች አያውቅም፤ የሌለ ፍሪኩዌንሲ ሲፈልግ ይውላል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ካፌይንን ወደ ጎን ትተው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በተርሚናል እንዲሞክሩ ነው። «ዲቪቢ-ቱልስ» የተባለውን ጥቅል ይጫኑ፤ «ዲቪቢቪ5-ስካን» የሚባለው ትእዛዝ አብሮት ይመጣል። ፍሪኩዌንሲውን ከሌላ ቦታ አይፈልጉ፤ የሚሠራው ሪሲቨርዎ ሜኑ ውስጥ ተጽፏል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው በወረቀት ይገልብጡት።

ቁጥሮቹን ሲጽፉ ግን ይጠንቀቁ። ሪሲቨሩ ፍሪኩዌንሲን በሜጋኸርዝ፣ ሲምቦል ሬትን (መረጃው የሚላክበትን ፍጥነት) በሺህ ቆጥሮ ያሳያል፤ ይህ ትእዛዝ ግን ፍሪኩዌንሲውን በኪሎኸርዝ፣ ሲምቦል ሬቱን አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይፈልጋል። ለምሳሌ ሪሲቨሩ 11105፣ አግድም፣ 45000 የሚል ቢሆን፣ ለትእዛዙ በሚያዘጋጁት ፋይል ላይ ፍሪኩዌንሲው 11105000፣ ሲምቦል ሬቱ 45000000 ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ዜሮ በጎደለበት ፋይል ትእዛዙ ምንም ሳያገኝ ይጨርሳል፤ ሰውየውም ተመልሶ ዲሹን ይጠረጥራል። የስርጭቱ ዓይነትም ዲቪቢኤስ ነው ወይስ ዲቪቢኤስ2 የሚለው በትክክል መጻፍ አለበት፤ ካላወቁት ሁለቱንም በየተራ ይሞክሩ። የኤልኤንቢውን ዓይነት ደግሞ ከትእዛዙ ጋር «ዩኒቨርሳል» ብለው በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይስጡት፤ ካልሰጡት ትእዛዙ ለኤልኤንቢው የሚልከውን አያውቅም።

ከሪሲቨሩ ዝርዝር ውስጥ ሲምቦል ሬቱ ዝቅ ያለ፣ በ27500 አካባቢ ያለ ካገኙ ለመጀመሪያው ሙከራ እሱን ይምረጡ። የዲኤስ3000 ድራይቨር (ከርነሉ ቺፑን የሚያዝበት ፕሮግራም) የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ልክ 45000 ነው፤ ጫፍ ላይ ባለ ቁጥር ምርመራ መጀመር ጥሩ አይደለም። በዝቅተኛው ከያዘና በከፍተኛው ካልያዘ፣ ፈርምዌሩም ኬብሉም ጤነኛ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ የሚቀረው የካርዱ የራሱ ወሰን ወይም የሲግናሉ ድካም ነው።

የሬዲዮ ጥገና ልምድ ካለዎትና ቮልት መለኪያ ቤትዎ ካለ፣ በዓይንዎ የሚያዩት ማረጋገጫ አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ኬብሉን ከካርዱ ይንቀሉና ያብሩት፤ በካርዱ መሰኪያ መሐለኛ ቀዳዳና በውጭው ብረት መካከል ይለኩ፤ ሁለቱን ግን በመለኪያው ጫፍ እንዳያገናኙ። ካርዱ ለቁም ሞገድ ወደ 13 ቮልት፣ ለአግድም ወደ 18 ቮልት መስጠት አለበት። መለካት ያለብዎ ፍለጋው እየሄደ ሳለ ነው፤ ካርዱን የከፈተ ፕሮግራም ከሌለ ዜሮ ቢያሳይ አይደንግጡ። ፍለጋው እየሄደ ዜሮ ከሆነ ግን ለኤልኤንቢ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የካርዱ ክፍል ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ካርዱ ተበላሽቷል» የሚለው ቃል መሠረት ይኖረዋል።

ኤልኤንቢ ሲቀየር የኬብሉ ጫፍ እንደገና ተሠርቶ እንደሆነ እሱንም ይፈትሹ። ጫፉን ፈተው ከብርሃን ፊት ያዙት፤ ከውጭው የሽቦ መረብ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ የመሐሉን ሽቦ ከነካች ቮልቱ ወደ ኤልኤንቢው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህች ክር ከፀጉር አትወፍርም፤ በችኮላ በተሠራ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የምፈልገው እሷን ነው። ሪሲቨሩ በዚያው ጫፍ የሚሠራ ከሆነ ይህንን ይለፉት፤ ለካርዱ የተለየ ኬብል ከተዘረጋ ግን አይለፉት።

ሪሲቨሩና ካርዱ በአንድ ኬብል በማከፋፈያ የተገናኙ ከሆነም ለሙከራው ጊዜ ሪሲቨሩን ከግድግዳው ነቅለው ኬብሉን በቀጥታ ለካርዱ ይስጡ። አንድ ራስ ያለው ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ የአንዱን ትእዛዝ ብቻ ነው የሚፈጽመው፤ አንዱ 13 ሌላው 18 ቮልት ሲልኩበት ከሁለቱ አንዱ ያጣል። በቋሚነት ሁለቱንም መጠቀም ከፈለጉ ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ይግዙና ለእያንዳንዳቸው ኬብል ይዘርጉ።

በጣሪያዎ ላይ ሁለት ዲሽ ተተክሎ በስዊች የሚገናኝ ከሆነ፣ ኢትዮሳት በስንተኛው መግቢያ ላይ እንዳለ ለፕሮግራሙ መንገር አለብዎ። ከለገጣፎ ሲታይ በ57 ዲግሪ ምስራቅ ያለው ሳተላይት ከምስራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ባለ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ናይልሳት ያለበት 7 ዲግሪ ምዕራብ ግን በምዕራብ በኩል ወደ 36 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ሰማይ አንጋጥጦ ወደ ምስራቅ የዞረው ዲሽ የኢትዮሳት ነው፤ የእሱን ኬብል ተከትለው በስዊቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። እዚህ አገር በየቤቱ የሚተከለው ሞላላ ዲሽ ሳህኑ ከሚያየው አቅጣጫ ዝቅ ብሎ የቆመ ስለሚመስል 66 ዲግሪውን በሳህኑ አቋም አይለኩት።

ሲግናሉን ከሪሲቨሩ መቶኛ ጋር አያነጻጽሩ። እያንዳንዱ ድራይቨር በራሱ ሚዛን ነው የሚለካው፤ ሪሲቨሩ 80 ሲል ካርዱ 45 ቢል ካርዱ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የሚታየው ነገር «ሎክ» (ሲግናሉ ተይዟል) የሚለው ቃል መምጣቱና ሥዕሉ አለመቆራረጡ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ የሚቋረጠውም የሰማዩ ጉዳይ ነው፤ በዝናብ መሐል ምርመራ አይጀምሩ።

እንግዲህ ቻናል ያዘ እንበል። ከፊትዎ ሌላ ችግር ሊኖር ስለሚችል ከአሁኑ ልንገርዎ፤ ካልነገርኩዎ ካርዱ «እንደገና ሞተ» ተብሎ ሊጣል ነው። ሲኤክስ23885 ያለባቸው ካርዶች ከራይዘን ፕሮሰሰር ጋር የታወቀ አለመስማማት አለባቸው። በመጀመሪያ በደንብ ይሠራሉ፤ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ሥዕሉ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ ለምንም ትእዛዝ አይመልስም፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ተመልሶ ይሠራል። በመዝገቡ ላይ «ኤምፔግ ሪስክ ኦፕ ኮድ ኤረር» የሚል መስመር ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ካርዱ መረጃውን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ የሚያስገባበት መንገድ መሐል ላይ ይደናቀፋል። አሮጌው ኮምፒውተርዎ ኢንቴል ከነበረ ይህን ጠባይ አይተውት አያውቁም።

የከርነሉ ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ካስገቡ ቆይተዋል። ድራይቨሩ ችግር ያለበትን ማዘርቦርድ ራሱ ለይቶ መንገዱን በየጊዜው እንዲያድስ ተደርጓል፤ ይሁንና የሚለየው በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። አዲስ የወጣ ማዘርቦርድ በዝርዝሩ ካልገባ አያውቀውም፤ ስለዚህ እኛ ማስገደድ አለብን። «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ቅጥያው «ኮንፍ» የሆነ አዲስ ፋይል ይፍጠሩና አንድ መስመር ብቻ ይጻፉበት፦ «ኦፕሽንስ ሲኤክስ23885 ዲኤምኤ_ሪሴት_ወርክአራውንድ=2» (options cx23885 dma_reset_workaround=2)። ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው፤ በቃላቱ መሐል ያለው ከስር የሚሰመረው ሰረዝ ነው፤ በእኩል ምልክቱ ዙሪያ ክፍት ቦታ አይኑር። ቁጥሩ 0 ከሆነ መፍትሔው ይዘጋል፣ 1 ከሆነ ድራይቨሩ ራሱ ይወስናል፣ 2 ከሆነ ያለ ጥያቄ ይሠራል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩና የሚወዱትን ዝግጅት ረዘም ላለ ሰዓት ያስቀዱት። ማታ አስጀምረው ጠዋት ቢያዩት ይሻላል፤ ይህ ችግር ቸኩሎ የሚመረምረውን ሰው ያታልላል።

ይህም ሆኖ ከቆመ የማዘርቦርዱን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) ያሳድሱ፣ ካርዱንም ወደ ሌላ መሰኪያ ያዛውሩ። ካርድዎ ትንሹ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ዓይነት ስለሆነ በረጅሙም መሰኪያ ላይ ይገባል። በአንዳንድ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም2 የተባለው ትንሽ ዲስክ ሲሰካ አንዱ መሰኪያ እንደሚዘጋም ይወቁ፤ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።

ለሌሎች አንባቢዎች ጥቂት ቃል ልጨምር። በተርሚናል «ኤልኤስፒሲአይ» (የተሰኩ ካርዶችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብለው ካርዱ ጨርሶ ካልታየ ነገሩ የመሰኪያ ወይም የካርዱ ነው፤ ስለ ፈርምዌርም ስለ ዲሽም አያስቡ። ካርዱ ከታየና ድራይቨሩን ከአምራቹ አውርዳችሁ ራሳችሁ የምትጭኑ ከሆነ፣ በባዮስ ውስጥ ያለው ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም፤ በመዝገቡ ላይ ቁልፉ ውድቅ መደረጉን ይነግራችኋል። ለጋሼ ካርድ ግን ይህ አያሰጋም፤ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ተፈርሞ የመጣ ነው።

ካፌይንና ቲቪ ሄድኤንድ የተባለው የቅጂ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ካሉ አንዱ ካርዱን ከያዘ ሌላው አያገኘውም። «መሣሪያው ተይዟል» የሚል መልእክት ቢመጣ ብልሽት አይደለም፤ የያዘውን ፕሮግራም መዝጋት ይበቃል። እርስዎ መቅዳት ስለሚፈልጉ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቲቪ ሄድኤንድ ቢዛወሩ እመርጣለሁ። ከጀርባ ሆኖ ይቀዳል፤ በቤቱ ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ በብራውዘር 9981 በሚባለው በር ገብቶ ሊያዘው ይችላል።

የኤሌክትሪኩን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እርስዎ ባሉበት አካባቢ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ካርዱ ደግሞ እስከ ጣሪያ በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ላይ የተሰካ ዕቃ ነው። ኬብሉን ከካርዱ ሲነቅሉም ሆነ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የተነቀለ ይሁን፤ ከላይ ላልኩት የቮልት ልኬትም ኬብሉን አስቀድመው ይንቀሉና ከዚያ ያብሩ። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ኬብሉን ነቅሎ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ ከዲሹ ምሰሶ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ካልተዘረጋ ያስዘርጉ። ከኮምፒውተሩ በፊት የቮልት መቆጣጠሪያ ያስገቡ።

ፈርምዌሩን አስቀምጠው፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሞክረው አሁንም «ሎክ» ካልመጣ ሦስት ነገር ይላኩልኝ፦ ፍለጋው እየሄደ ሳለ የተወሰዱትን የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች፣ «ኤልኤስፒሲአይ» ስለ ካርዱ የሚለውን መስመር ከነቁጥሩ (14ኤፍ1:8852 የሚል ሊሆን ይገባዋል)፣ እና በካርዱ መሰኪያ ላይ የለኩትን ቮልት።